አፉ አልልህም

ውድ ፉርቃን፦

አሰላሙ አለይኩም። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ምን ያዋሸኛል? ስልክ ስደውል "መኪናው ተበላሽቷል፣ በርበሬው አልተጫነም" እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው የምጽፍልህ። ሀላባ እኮ ሩቅ አገር አይደለም። ወረቀቱን ወደ አንተ በሚመጣው ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ።

ጎንበስ ስል የሚነሳብኝን ራስ ምታት "የበርበሬ ብናኝ ነው" ስንል ከረምን አይደል? አይደለም። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ሲቲ ስካን አንስተው "ደም ፈሷል" አሉ። ሌላው ሐኪም ያንኑ ፎቶ አይቶ "እጢ ነው" አለ፤ እጢ ሲባል የአባትህ የጋሼ ሽኩር ፊት አመድ መሰለ። በመጨረሻ ዶክተር ፋናዬ ኤምአርአይ አዘዘችልኝ። ጭንቅላቴን አስረው ጠባብ ቱቦ ውስጥ ከተቱኝ። እላዬ ላይ ምን አለሽ ተራ በሙሉ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ነው የሚመስለው፤ ንቅንቅ ማለት ደግሞ የለም። አለቀስኩ፤ እንባዬን እንኳ መጥረግ አልቻልኩም።

ዶክተሯ ፎቶውን አሳየችኝ። "ይሄ ሲስት ነው፤ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ማለት ነው። ውሃ ብቻ ቢሆን ሲቲው ላይ ጠቆር ይል ነበር። ያንቺ ውስጡ እንደ ሙጫ ስለወፈረ ነጭ ሆኖ ታየ፤ እነሱንም ያሳሳታቸው ይሄው ነው። እርግጡ ሲወጣ ነው የሚታወቀው፤ ግን ካንሰር አይመስለኝም።"

አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት ቀጠለች። "ክፉው የተቀመጠበት ቦታ ነው። የአንጎል ውሃ የሚያልፍበት በር ላይ ተወትፏል። ድንገት ከዘጋው አንደርስልሽም። መውጣት አለበት።"

አባትህ ሲስት የሚለውን ሲስተም ብለው ሰምተው በርበሬ በረንዳን አዳረሱት፦ "የልጄ ሚስት ጭንቅላቷ ውስጥ ሲስተም ተቋርጧል!" እንደ ባንኩ! ሳቄ መጣ፤ ግን ብዙም አልሳቅኩ። ሰፈሩ በሙሉ ልትሞት ነው ብሎ ይመጣል። እጄን እየያዘ "ሀፍሷ፣ አፉ በይኝ" ይለኛል። ይቅርታ እንዲህ የሚጠየቀው ለሐጅ የሚሄድ ወይ የሚሞት ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ መካ አልሄድ። ጎረቤታችን ሐጀራ "አንዴ አምቼሽ ነበር፣ አፉ በይኝ" ብላ አለቀሰች። "ምን ብለሽ?" ስላት ጭራሽ ደነገጠች።

ከቤት መውጣት የለም። ደረጃው ላይ እንዳልወድቅ እየተባለ ተራ በተራ በር ላይ ይቀመጣሉ። አባትህም "ባሏ ሳይመጣ ጭንቅላቷ አይከፈትም" ብለዋል። ከታች ተሸካሚው "ዞር በል!" ሲል፣ የታክሲው ረዳት ሲጣራ እሰማለሁ። ሁሉም ይሄዳል፤ እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አንተን እጠብቃለሁ። ታፈንኩ ፉርቃን።

ትናንት ስትደውል "መጣሁ" ልትለኝ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። አንተ ግን "ሀፍሷዬ፣ አፉ በይኝ" አልከኝ። አንተም? ስልኩን ዘጋሁብህ። ሌላው ቢያለቅስልኝ ያልቅስ፤ አንተ እንዴት በቁሜ ትቀብረኛለህ? እንደፈራህ አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ፤ ግን የምሸሽበት ሀላባ የለኝም። ይሄን ጭንቅላት ይዤ የት እሄዳለሁ?

ዶክተሯ ጋ ደውዬ "ባል ሳይፈርም አይሆንም ወይ?" አልኳት። "ጭንቅላቱ የማን ነው?" አለችኝ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል እገባለሁ፤ ራሴ እፈርማለሁ። የዚያን ቀን በር ላይ ተረኛዋ ሐጀራ ናት። "ሂጂ፣ አላየሁሽም፤ ለሐሜቱ ካሳ ይሁነኝ" ብላኛለች። ጸጉሬን ይላጩኛል አሉ፤ ብትመጣ እንዳትስቅ።

አፉ ግን አልልህም። ለሰፈሩ ሁሉ ብያለሁ፤ ለአንተ አልልም። መጥተህ እጄን ይዘህ ጠይቀኝ። አላህ ካለ ዓይኔን ገልጬ እሰማሃለሁ። ካላለም፣ አንተው ከጌታህ ጋር ተነጋገርበት።

ገና ያልሞተችው ሚስትህ፣
ሀፍሷ