ማግኔት ያልያዘው ሻወር

ይድረስ በአሰብ ለሚገኘው ለወንድሜ ለሷሊሕ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ወንድም ዓለም፣ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ የባሕሩ ነፋስ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ? ወደብ ላይ ሣጥን የወደቀበት እግርህ ጫማ ማድረግ ቻለ? ከአንተ ጋር የሚያድረው ልጅስ ደህና ነው? እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። «ደህና ነን» የሚለውን ቃል እጄ ሳይከብደው ከጻፈው ቆይቷል። ዛሬ ግን ሳይከብደኝ ነው የጻፍኩት።

እማ ከወደቀች ወዲህ ያለውን አክስታችን ጣይባ አስጽፋልሃለች። ዳሌዋ ተሽሏት በምርኩዝ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ቀኝ እጇ ግን አንጓው ላይ ጠሞ ስለገጠመ ውሃ የሞላ የውዱእ ኩስኩስት አያነሣላትም። ጣይባ ያላስጻፈችልህን እኔ ልንገርህ፤ ለወንድም ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። እንደምታውቀው እማን የማጥባት እኔ ነበርኩ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አፈስሳለሁ፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ቆይቼ ሳስተውል ውሃ መጠጣት ትታለች። ካልጠጣች ወደ ውጭ አትወጣም፣ ካልወጣች የሰው እጅ አያጥባትም፤ ነገሩ ይኸው ነበር። በዚህ በሮቢት ሙቀት ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ አንድ ኩባያ ውሃ ይዛ ትውላለች። የጤና ረዳቱ መጥቶ፣ በዚህ ከቀጠለች ኩላሊቷ አይችልም አለን። እማ እሺ እሺ አለችው፤ ገና ከበሩ ሳይርቅ ኩባያዋን ለትንሿ እህታችን ለፈሪሃ ሰጠቻት። ሶላቷን በውሃ ፈንታ በአፈር ተየሙም እያደረገች ትሰግድና፣ ረመዳን እንዲህ ቆሽሼ ሊያገኘኝ ነው እያለች ትተክዛለች።

ለዓረፋ መጥተህ የውሃ በርሜሉን ስትሰቅል ከሥሩ የገጠምከው ፕላስቲክ ሻወር በፀሐይ ተፈረካክሶ ወድቋል። ስለዚህ ባለ ሁለት አፍ ይገዛ፣ አንዱ አፍ ግድግዳው ላይ ሆኖ ሌላው በጎማ ወርዶ እማ ተቀምጣ ትያዘው ብለህ ስትጽፍልን፣ ደብዳቤህን ጓሮ ይዤ ሄጄ ደጋግሜ አነበብኩት። መሊካ ትምረጠው ማለትህ ግን አስፈራኝ። እኔን ታውቀኝ የለም? የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ሲያድል እንኳ ተራዬ ሲደርስ ድምፄ ይጠፋል። አንተ ግን የምታጥባት እሷ ናት፣ የሚያስፈልጋትን ታውቃለች ብለሃል።

እዚህ ስላልተገኘ ከጣይባ ጋር በገበያ ቀን አጣዬ ሄድን። ማግኔት የሚይዘውን እንዳትገዙ፣ ብረት ነውና ይዝጋል ባልከው መሠረት፣ የተበላሸውን ሬዲዮናችንን ማግኔት በሻርፔ ጫፍ ቋጥሬ ነበር። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡት ጋሼ አብዱልወሃብ ሁለት ዓይነት አወጡልን። አንዱ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ቀላል ነው፣ ያምራልም፤ ግን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎበጠ፤ ያንተም እንዲሁ ነበር። ሁለተኛው እንደ መስተዋት ያበራል። ጣይባ ፊቷን አየችበትና ሻሿን አስተካከለች፤ ወዲያው ይኸው ነው፣ ጠቅልሉልን አለች።

እኔ ማንም ሳያየኝ ማግኔቱን ጠጋ ባደርገው ጧ ብሎ ተጣበቀ። ባላቅቀው እምቢ አለ። ስታገል ዕቃው ከነጎማው ባንኮኒውን መታውና ሱቅ ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋሼ አብዱልወሃብ «ልጄ፣ እሱ ካለቀቀሽማ ይዘሽው መሄድ ነው» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጣይባ ግን ነገሩ ገባትና ማግኔቱን ነጥቃኝ ራሷ አጣብቃ አሳየቻቸው፤ «ላዩ ሙሽራ፣ ውስጡ ብረት! በእኛ ውሃ ይኼ ለዒድም አይደርስ» አለቻቸው።

አልተቆጡም። እየሳቁ ጎንበስ ብለው ከመደርደሪያው ሥር አንድ የደበዘዘ ዕቃ አወጡ። ጀውሃ ላይ ከፈረሰ ሆቴል የተነቀለ የነሐስ ሻወር ነው አሉ። ማግኔቱን ሳስጠጋው ተንሸራቶ ወደቀ። ከላይ የሚሰቀለው አፍ የሱፍ አበባ ያህላል፤ በጎማ የሚወርደው እንደ ትንሽ ጭልፋ ነው። ፊቱ እንደ ጠርሙስ ክዳን በሚዞር ጥርስ የሚፈታ ስለሆነ፣ ያ ማንቆርቆሪያችንን የሚያነጣው የውሃችን ቅርፊት ቀዳዳውን ሲደፍነው ፈትቶ በሎሚ ማጠብ ይቻላል።

የቀረው ክብደቱ ነበር። ወንድሜ፣ አንተ በግራ እጇ ትያዘው ብለህ ነበር። ግራ እጅማ የሚያጥበው ነው፤ የሚያፈስሰው ቀኝ ነው። ያ የጠመመው እጇ ይህን መሸከም አለበት። እኔም አንጓዬን እንደሷ አጥፌ ያዝኩት። ከበደኝ፣ ግን ኩስኩስቱን አያህልም። ነገር ግን ባዶውን ነው የያዝኩት። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ውሃ ሞልቶበት ልያዘው» አልኩ። ጋሼ አብዱልወሃብ ትንሽ አዩኝና ከጀሪካን በጎማው ሞሉልኝ። እጄን እንዳጠፍኩ፣ ሰው ቆሞ እያየኝ፣ እማ ገላዋን ታጥባ የምትጨርስበትን ያህል ጊዜ ያዝኩት። ውሃው በክንዴ ወርዶ ቀሚሴን አረጠበው። ከዚያ ለጣይባ ይኼ ነው አልኳት። ስንመለስ ኬላ ላይ ፈታሹ ጥቅሉን አስፈትቶ ይህ ምንድን ነው ሲል ጣይባ የልጅቷ ጥሎሽ ነው አለችው፤ እሱም ወንድየው ደህና አስቦበታል ብሎ አሳለፈን። እኔ እስከ ሮቢት ድረስ ቀና አላልኩም።

ጎረቤታችን ሸሪፍ በሻወሩ ጥርስ ላይ ቃጫ ጠምጥሞ አጥብቆ ገጠመልን። በርሜሉ ዝቅ ስላለ ሁለቱም አፍ አንድ ላይ ሲከፈት ውሃው ይደክማል፤ ማዞሪያውን ወደ ታችኛው ሲመልሱት ግን በደንብ ይወርዳል። ደስ ብሎኝ እማን ደግፌ አስገባኋት። እጇን ከውሃው ሥር አድርጋ ወዲያው ሰበሰበችው። ነገ ይሁን አለችኝ። በነጋታውም ነገ አለች። ውሃ መጠጣቷም እንደዚያው ቀረ። የመረጥኩት ከብዷት ነው፣ ለእኔ ብላ ደብቃኝ ነው ብዬ በርሜሉ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዓይኔን አይታ ኖሮ ማታ ጠርታ ነገረችኝ። ለካ ነገሩ ከሻወሩ አይደለም። አያታችን ኪታብ ሲያቀሩ፣ ተማሪ ሲያስተምሩ የሰማችው ነው፤ በቆላ አገር፣ በብረት ዕቃ ውስጥ ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ለገላ የተጠላ ነው፣ ለምጽ ያመጣል ይባላል። አንተ በርሜሉን ስትሰቅል፣ እኔ አጣዬ ስንከራተት፣ ልፋታችሁን ላለማፍረስ ብላ ዝም አለች። እኔና አንተ ስለ አፉ ስንጨነቅ ስለ ውሃው ያሰበ አልነበረም።

በማግስቱ ብቻዬን ሸህ አብዱልመጂድ ቤት ሄድኩ። ብቻዬን ሄድኩ ስልህ አንተም ሳታምነኝ አትቀርም። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ለባለቤታቸው ለእትዬ ፋዲላ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሸሁ ግን ሰምተውኝ ከውስጥ መለሱልኝ፦ «ለእናትሽ እንዲህ በያት፤ የተጠላው ሙቀቱ ነው፣ በርሜሉ ምን አደረገ? ውሃው ከቀዘቀዘ ምንም የለበትም። ጥላ ሥሩለት፣ ሌሊት የበረደውን ጠዋት ትታጠብበት።»

ሸሪፍ የማሽላ አገዳ ረብርቦ ለበርሜሉ ዳስ ሠራለት፤ እኔም ዙሪያውን ጆንያ አልብሼ አረጠብኩት። ጎህ ሲቀድ እማን መቀመጫዋ ላይ አስቀመጥኳት። ውጪ አለችኝ። መጋረጃውን ራሷ ሳበችው። እኔ ከውጭ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ውሃው ይወርዳል፣ ይቆማል፤ ደግሞ ይወርዳል። ዕቃው ከእጇ ወድቆ ድምፅ ይሰማል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወደቀም። ቆይቶ ማዞሪያው ሲጮህ ሰማሁና ምን ሆንሽ አልኳት። «የላዩንም ልሞክረው ብዬ ነው» አለች፤ ከዚያ ከዝናብ እንደገባ ልጅ ስትስቅ ሰማኋት። እማ ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ወጥታ፣ ተቀምጣ ሰገደች። ሰግዳ ስትጨርስ ውሃ አምጪልኝ አለችኝ። ኩባያውን ሞልቼ ሰጠኋት። እስከ ታች ጠጥታ መለሰችልኝና ጨምሪልኝ አለች። አሁን ሁልጊዜ ጨምሪልኝ ነው። የጤና ረዳቱም አይቷት ፊቷ ተመለሰ ብሏል።

እማ፣ እጅህን አላህ ይባርከው፣ ሳልህን በማር ያዘው ብላሃለች። ጣይባ ሰላም ብላ፣ ያ ማግኔት ባል መምረጥም ቢችል ጥሩ ነበር ትልሃለች። ፈሪሃ ከተሰባበረው ፕላስቲክ የአሻንጉሊት ቆብ ሠርታለች፤ ስትመጣ ታሳይሃለች። ሸሪፍና ሸህ አብዱልመጂድም ሰላም ብለውሃል። አንተም አብሮህ ለሚያድረው ልጅ ሰላም በልልን። ለረመዳን መምጣት ከቻልክ ሌላ ምንም አትድከም። ለእማ ብቻ ትልቅ ኩባያ ይዘህላት ና፤ ይኼኛው አንሷታል።

እህትህ መሊካ

ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.