ሆዷ ላይ የተንቀሳቀሰው ብርሃን

ሰኞ፣ የካቲት 9

ባለቤቴ ዘይነብ ጠዋት ስትነሳ ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

«ምነው?» አልኳት።

«ልጁ ከትናንት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ አልተንቀሳቀሰም።»

ሐኪም ቤት የሚወስደን ባጃጅ ከማራኪ ሰፈር እስኪመጣ መስኮቱ ሥር ጋደም አለች፤ ቆዳዋ ስለሚያሳክካት ሆዷን ቫዝሊን ቀባሁላት። ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ደብዛዛ ቀለም የደበቀውን የግድግዳ ጉብታ የሚያብረቀርቅ ቀለም እንደሚያወጣው አውቃለሁ። የእሷም ሆድ ሳይቀባ ልሙጥ ይመስል ነበር። ሲያብለጨልጭ ግን እምብርቷ አጠገብ ትንሽ ጉብታ አየሁ። ላዩ ላይ ያረፈው ነጸብራቅ ተጣመመ፤ ወዲያው ወደ ጎን ሸሸ።

«ዘይነቤ፣ እዪ!»

«ምኑን?»

«ብርሃኑን። ልጃችን እየገፋው ነው።»

እጇን አስቀመጠችበትና አለቀሰች።

ሐኪም ቤትም ሄድን፤ አዋላጇ የልብ ምቱን አሰማችን። አሁን ዘይነብ ተኝታለች። እኔ ግን ይህን እየጻፍኩ እንኳ ዓይኔን ከሆዷ ላይ መንቀል አቃተኝ።