ያልላክሁት መቀየሪያ

ሰኞ፣ ጁላይ 6
ከተማችን ደኒደን ዛሬም ዝናብ። የቢሮው ማሞቂያ ተበላሽቶ ካፖርት ለብሰን ዋልን። ደንበኛዬ ዊሪ ኢሜይል ላከልኝ። "ኢሽበል፣ የ2017 ወፎቼ ዛሬም አልከፈት አሉ። ላይብረሪሽ አኩርፎብኛል።" አሥራ ሁለት ዓመት ይህን ላይብረሪ ስጽፍ፣ ሰው በየማሽኑ ከተበተነ ዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርበትን የፕሮግራም ስብስብ፣ እንዲህ የሚጽፍልኝ ሌላ ደንበኛ የለም።

ከባሕር ማዶ፣ ቻታም ደሴት ላይ የባሕር ወፍ ይቆጥራል። የአሥር ዓመት ቆጠራው በላይብረሪው የድሮ ዘዴ የተቀመጠ ነው፤ መረጃው እንደ ዕቃ እንዳለ ተጠቅልሎ። የጠቀለለው ፕሮግራም ትንሽ ከተነካ ጥቅሉ አይፈታም። ከታች ደግሞ ጨምሯል፦ "ነፋሱ የጎረቤቴን ዶሮ ግቢዬ ድረስ አመጣልኝ። አልመልስም።" ሦስቴ አነበብኩት... አራቴ?

ረቡዕ፣ ጁላይ 8
መለስኩለት። የ2017ቱን ብቻ እንዴት እንደሚፈታ ነገርኩት። ሁሉንም ጥቅል ባንዴ ወደ ተራ ዝርዝር የሚቀይረው ፕሮግራም ግን እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ከማርች ጀምሮ! ተፈትኗል፣ ይሠራል። ብልክለት በግማሽ ቀን ይገላገላል። ከዚያስ? ምን ብሎ ይጽፍልኛል?

የእሱ ሰዓት ከእኛ በአርባ አምስት ደቂቃ ይቀድማል። አሁን ምሳውን በልቶ ወጥቶ ይሆናል። አይቼው የማላውቀው ሰው ናፈቀኝ... እኔ እንጃ፣ ለራሴም ያሳፍራል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 14
ጉድ ፈላ። አለቃዬ ጆስሊን መጥታ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"የድሮውን ጥቅል መፍቻ ለምን እስካሁን ከላይብረሪው አላወጣሽውም? አንዱ ክፉ ሰው ጥቅል ውስጥ ትእዛዝ ደብቆ ቢልክ፣ ገና ሲፈታ ማሽኑ እሺ ጌታዬ ብሎ ይፈጽመዋል።"

"የሚጠቀሙበት አሉ" አልኩ።

"ስንት?"

"...አሉ።"

"ኢሽበል! ስንት?"

"አንድ።"

አፍጥጣ አየችኝ። "ታዲያ ለአንድ ሰው ብለን ሰውን ሁሉ እናጋልጥ? ዓርብ ይወጣል።" እውነቷን ነው። እኔ ደብዳቤ እንዳይቀርብኝ ብዬ የስንቱን በር ክፍት ትቻለሁ! በራሴ ተናደድኩ።

ኀሙስ፣ ጁላይ 16
ላክሁት። "ይህ ሁሉንም ይቀይርልሃል። ነገ የድሮው መፍቻ ይወጣል። መልካም ቆጠራ።" መልካም ቆጠራ?! ምን የሚሉት ስንብት ነው...

ዓርብ፣ ጁላይ 17
የመፍቻውን አራት መቶ መስመር አጠፋሁ። ጆስሊን ስኮን የሚሉትን የአይብ ዳቦ ገዛችልኝ። "ብዪ እንጂ! ለቅሶ ቤት አስመሰልሽው እኮ።"

የዊሪ መልስ፦ "ሠርቷል። ሁሉም ወፍ ተገኝቷል። አመሰግናለሁ።"

በቃ። ሌላ አንድ ቃል የለም።

ሰኞ፣ ጁላይ 20
ምንም። ኢሜይሉን ስንቴ ከፈትኩት...

ማክሰኞ፣ ጁላይ 21
ጻፈ! "አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ፕሮግራምሽ አናቱ ላይ የተጻፈበት ቀን አለ። ማርች 4 ይላል። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አልከፈት አለኝ ብዬ ጽፌልሻለሁ። ምነው?"

ቀኑን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚጽፈው፤ ማን ልብ ይለዋል! ምን ልበለው? ጊዜ አጣሁ? ገና እየሞከርኩት ነበር? ሁለት ውሸት ጽፌ ሁለቱንም አጠፋሁ። መጨረሻ ላይ ይሄን ላክሁ፦ "ከላክሁልህ መጻፍ ታቆማለህ ብዬ ፈርቼ ነው። ይቅርታ።"

ረቡዕ፣ ጁላይ 22
ጠዋት ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ... ከዚያ ጎርነን ያለ ድምፅ።

"ወፎቼን አራት ወር ያሰርሽብኝ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"በአንቺ ጦስ ሪፖርቴን ሁለቴ አዘገየሁ። ተናድጃለሁ።"

"ይቅርታ" አልኩት እንደገና።

"ተናድጄም ግን ደወልኩ" አለ።

ሥራ እስኪረፍድብኝ አወራን። ሊዘጋ ሲል "ነገም እደውላለሁ" አለኝ። "ምክንያት እንዳትፈልጊ።"