ሁለት የጫማ ሳጥኖች

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብለሽ መዋሉን ቀንሺ ብዬ ብደውልልሽ «እሺ» ብለሽ ስልኩን ለልጅሽ ስለምትሰጫት፣ መቀነስሽን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደም ግፊቴ ስብሰባ ሲጀመር ይወጣል፣ ስብሰባ ሲያልቅ ይወርዳል። ሐኪሙ ጨው ተው ይለኛል፤ ስብሰባ ተው የሚለኝ ሐኪም ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ስለማትሰሚኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ደህና ነን ጋሼ፣ አንተስ?» ስትዪኝ ኖረሻል፤ እኔም ደህና ነኝ ስልሽ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ነገሩ እኔንና አንቺን አልፎ ልጅሽ ላይ ደርሷል።

ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥታ ነበር። የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጹን ይዛለች፤ ሁሉንም ሞልታ ምርጫው ጋ ስትደርስ ባዶውን ትታዋለች። የምትፈልገው ፕሮግራሚንግ መማር እንደሆነ ከድሮም ታውቂያለሽ። ለምን አልሞላሽውም ብላት «እማዬ አይሆንም አለች» አለችኝ። ምን ብላ? አልኳት። አንገቷን ደፍታ «የኛ ጭንቅላት ለሱ አልተሠራም፤ እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ፤ ካላመንሽኝ አጎትሽን ጠይቂው፣ ያረጋገጠልኝ እሱ ነው ብላለች» አለችኝ። ቅጹ የፊታችን ዓርብ ይዘጋል። ያለ አንቺ ፈቃድ አልሞላም ብላለች፤ ግትርነቱን ከማን እንደወሰደችው አሁን አንከራከር።

ጠይቂው ብለሻታል፣ ጠይቃኛለች። መልሱን ግን ለአንቺ ነው የምጽፈው።

ዓምና ዲፓርትመንታችን ውስጥ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ተቀጠረች። ተማሪዎቹ «ለምን» ብለው ይጠሯታል፤ መልስ የተሳሳተውን ሁሉ «ለምን እንደዚህ አሰብክ?» እያለች ስለምታፋጥጥ። (እኔን ከኋላዬ «መቀሱ» እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ። ስሙን ያወጣው ያንቺ ክፍል ነው፤ አልሞተም።) የምታጠናው ጀማሪዎች ፕሮግራም መጻፍ እንዴት እንደሚማሩ፣ በተለይ ደግሞ እንዴት እንደሚሳሳቱ ነው። የድሮ የፈተና ወረቀት እንደማልጥል ሰምታ ስጠኝ ብላ መጣች። «ስህተት ምኑ ይጠናል? ስህተት ይሰረዛል» አልኳት። «እርስዎ ወረቀቱ ላይ ሲሰርዙት ከልጁ ጭንቅላትም ይሰረዛል?» አለችኝ። በጣም ተናደድኩ። ከንዴቴ ብዛት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ያለውን ሁሉ አስረከብኳት፤ አንብባ ትሰላች ብዬ።

አልሰለቻትም። ስሞቹን በፕላስተር ሸፈነችና እኔኑ አጠገቧ አስቀምጣ እንደገና ታሳርመኝ ጀመር። ደንቧ አንድ ነው፤ ትክክል ወይም ስህተት ማለት ክልክል ነው። ተማሪው በልቡ ምን ሕግ ይዞ እንደሠራ መፈለግ ብቻ።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት አንቺም የተፈተንሽበትን የመጀመሪያውን ጥያቄ ታስታውሺው ይሆናል። ሀ ውስጥ ሰባት አለ፣ ለ ውስጥ ሦስት አለ። ኮምፒውተሩን «የሀን ዋጋ ለ ውስጥ አስቀምጥ» አልነው። አሁን ሀ ውስጥ ስንት አለ? መልሱ ሰባት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቅጂውን ያስቀምጣል እንጂ ዋናውን ከቦታው አያነሣም። ከሦስት ተማሪ አንዱ ግን «ምንም የለም» ብሎ ጽፏል። እኔ ይህን ስንፍና ብዬ፣ ትኩረት ማጣት ብዬ፣ አንዳንዴም ከዚህ የከፋ ስም ሰጥቼ ሃያ ሦስት ዓመት አርሜያለሁ።

«ለምን» ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «እነዚህን ማን ነው ያስተማራቸው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። «እንዴት አድርገው?» ስትለኝ ኮራ ብዬ ላሳያት ተነሣሁ። ሁለቱን የጫማ ሳጥኖች ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ ባንዱ ላይ ሀ፣ በሌላው ላይ ለ የተጻፈባቸውን። ሀ ውስጥ ሰባት ጠመኔ፣ ለ ውስጥ ሦስት ጠመኔ አስቀመጥኩ። ሦስቱን አውጥቼ ጣልኩ። ከዚያ ሰባቱን ከሀ በእጄ አፍሼ ለ ውስጥ ከተትኩና «ተማሪዎች፣ ገባችሁ?» አልኩ፣ እንደ ልማዴ። «ለምን» ብድግ ብላ ሀ የሚለውን ሳጥን ወደ እኔ አዘነበለችው።

ባዶ ነበር።

እህቴ፣ በየዓመቱ ተማሪ ፊት ቆሜ ሳጥኑን በገዛ እጄ ባዶ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ባዶ ነው ያለኝን እጥላለሁ። የጣልኳቸው እኔን ያመኑኝን ነው። ካለፉት ውስጥ ስንቱ ከመስኮት ውጪ ሲያይ ቆይቶ ኋላ መጽሐፉን አንብቦ እንዳለፈ እንጃ። ይህን ሳስብ የጫማ ሳጥኖቹን በካልቾ ብላቸው፣ አንዱ የ«ለምን»ን የሻይ ብርጭቆ ደፋው። ይቅርታ እንኳ ሳልላት ወጣሁ።

በነጋታው ስንቀጥል አንድ ወረቀት እጄ ገባ። ሰባት ቁጥሩ ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው፤ አባታችን እንደሚጽፈው። ፕላስተሩን መላጥ አላስፈለገኝም። አሥራ አንድ ቦታ ተሳስተሻል። አሥራ አንዱንም የሠራሽው በአንድ ሕግ ነው፤ የሰጠ ሳጥን ባዶውን ይቀራል በሚለው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። «ለምን» የማን እንደሆነ ሳታውቅ ወረቀቱን ነጥቃኝ አየችና «ይቺ ልጅ እኮ ከሁሉም ትበልጣለች! የተነገራትን ሕግ ይዛ ሳታዛንፍ እስከ መጨረሻ ሄዳለች። ኮምፒውተርስ ከዚህ ሌላ ምን ይሠራል? አሁን የት ትሠራ ይሆን?» አለች። መነጽሬን ስወለውል ቆየሁ።

ሳጥኖቹን ለናንተ ያሳየሁ ዕለት ክፍል ውስጥ እጅሽን አውጥተሽ «ታዲያ መምህር፣ ሀ ባዶ ሊቀር ነው?» ብለሽኝ ነበር። ጋሼ እንዳትዪኝ አስጠንቅቄሽ ስለነበር መምህር አልሽኝ። እኔም «ይህ ጫማ ቤት አይደለም፤ ጭንቅላትሽን ተጠቀሚበት» አልኩሽ። ክፍሉ ሁሉ አውካካ። መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ እጅሽን አላወጣሽም። ማለፊያው ሃምሳ ሆኖ አርባ ሰባት ስታገኚም ቤት መጥተሽ አልጠየቅሽኝም። መጥተሽ ብትጮኺብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለልጅሽ ባለፈው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ሰጠኋት፤ ሳጥኖቹን ሳላወርድ። ትንሽ አሰብ አድርጋ ምን አለችኝ መሰለሽ? «እማዬ የእጅጌውን ልክ የምታወጣበት ካርቶን አለ አይደል? አርባ እጅጌ ብትቆርጥበትም ካርቶኑ አያልቅም፤ ተመልሶ ሚስማሩ ላይ ይሰቀላል። ስለዚህ ሰባት ነዋ!» ስንት ዓመት የፈለግኩትን ምሳሌ ካንቺ ግድግዳ ላይ አውርዳ ሰጠችኝ። «ለምን» ጽፋ ይዛዋለች፤ በሚመጣው ዓመት በሱ ነው የምታስተምረው። አዎ፣ የምታስተምረው እሷ ናት። የአንደኛ ዓመቱን ክፍል ለቅቄላታለሁ፤ እኔ ኋላ ወንበር ተቀምጬ ልጆቹ የሚሉትን እመዘግባለሁ። ዲኑ «በዚህ ዕድሜህ?» አለኝ። በሠላሳ ዓመቴ ያላደረግኩትን በስንት ዓመቴ ላድርገው ታዲያ?

ሬጅስትራርም ሄጃለሁ፤ ውጤትሽ ይስተካከል ብዬ። ጸሐፊዋ «ተማሪዋ በሕይወት አለች?» አለችኝ። አለች፣ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ አራት ሠራተኛ ታስተዳድራለች አልኳት። «ታዲያ ምን ጎደለባት?» አትለኝም! ጠረጴዛውን መታሁት። ከአምስት ዓመት ያለፈ ውጤት እንዳይነካ የሚል ደንብ አውጥታ አሳየችኝ። ከሥሩ ካሉት የኮሚቴ ፊርማዎች ሁለተኛው የኔ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። በዚያ ውጤት ለሱ አልተሠራሽም ያልኩሽ ውሸት ነበር። ልጅሽን በሌላ ምክንያት ከከለከልሻት ምንም አልልሽም፣ እናቷ ነሽ። በዚህ ውሸት ግን አትከልክያት። እኔን ለመቆጣት ዕድሜ ልክሽን ጊዜ አለሽ፤ እሷ ያላት እስከ ዓርብ ነው።

ወረቀትሽን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ለጥናቱ ኮፒ ስላስቀረን ዋናው ያንቺ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከላይ በቀኝ በኩል፣ በቀይ የተጻፈውን አርባ ሰባት ታዪዋለሽ። ከሥሩ በምላጭ የተፋቀ ሌላ ቁጥር አለ። ወረቀቱን መስኮት ላይ አስደግፈሽ ብታዪው ይነበባል። እኔ አንብቤዋለሁ፤ ከሃምሳ አያንስም። ያን ሰሞን መምህራኑ በሻይ ክፍሉ «እህቱን ማሳለፉ አይቀርም» እያሉ ይሳሳቁ ነበር፤ አዲስ መምህር ነበርኩ፤ ከመቶ ሃያው ወረቀት ሁለት ጊዜ ያረምኩት ያንቺን ብቻ ነው። ይኸኛውን በጫማ ሳጥን አላሳብብም።

እጅሽን ድካም አይንካው፤ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። ቤትሽ ሳቅ አይጉደለው፤ ልጆችሽ ከኔም ካንቺም ይብለጡ።

ታላቅ ወንድምሽ