ሻንጣዬን ፈልጋችሁ ስላገኛችሁልኝ

ለተከበሩ የአየር ማረፊያው የመንገደኞች አገልግሎት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ደህና ነው? ወገብዎስ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ እንዳይመስልዎ። ጉልበትዎ ደህና እስከሆነ ድረስ የመሥሪያ ቤትዎ ዊልቸር አያስፈልግዎትም፤ የመሥሪያ ቤትዎ ዊልቸር ካላስፈለገዎት ደግሞ ካሰቡበት ይደርሳሉ። ስለዚህ ጉልበትዎን ከክፉ ይጠብቅልን።

እኔ ዕድሜዬን ወንበርና ጠረጴዛ ስሠራ የኖርኩ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቼን በማብሸቅ የምውል ጡረተኛ አናጺ ነኝ። በቅርቡ በእርስዎ አየር ማረፊያ በኩል ባሕር ማዶ ወዳለችው ታላቅ እህቴ ለመሄድ መጥቼ ነበር። ከጉዞው በፊት የልጅ ልጄ መሥሪያ ቤትዎ «መንገደኞች ምን መጠበቅ አለባቸው» በሚል ርዕስ ያወጣውን መመሪያ ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። ቀደም ብሎ መድረስን፣ ፈሳሽ ነገር አለመያዝን፣ ስለት ያለው ዕቃ ቤት መተውን ሁሉ በጥሩ አማርኛ አስቀምጣችሁታል። ሆኖም አንዳንድ ነገር ተዘንግቶ ስላገኘሁት፣ ለሚቀጥለው እትም ይረዳችሁ እንደሆን ብዬ የጎደለውን በትሕትና ልሞላላችሁ ተነሥቻለሁ።

አስቀድሜ ግን የምሄድላትን ሰው ላስተዋውቅዎ። እትዬ፣ እናታችን ስትሞት እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እህቴ ነች። ከልጇ ጋር ከሄደች ብዙ ዘመኗ ነው። በዚህ ዓመት ታመመችና ልጇ ስልክ ደወለችልኝ፤ «አጎቴ፣ መምጣት ካሰብክ አታዘግየው፤ ቁንጫዬን ጥሩልኝ እያለች ነው» አለችኝ። ቁንጫ እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ፣ አሁን ከምድጃው ዳር ሲሉኝ አሁን ከጣሪያው ላይ ስለምገኝ፣ ይህን ስም ያወጣችልኝ እሷ ነች። በዚህ ስም የሚጠራኝ ከእሷ በቀር የቀረ ሰው የለም። ስለዚህ ሳልውል ሳላድር ትኬት አስቆረጥኩ። አሁን ወደ መመሪያው ልመለስ።

አንደኛ፣ መንገደኛ በሁለት እግሩ ወደ እናንተ ቢመጣም፣ በሁለት እግሩ እንደማይቀጥል ይጠብቅ። እኔ መራመድ እችላለሁ፤ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ደረጃ ላይ ብቻ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል። የልጅ ልጄ ግን «አባባ፣ ውስጥ ያለው መንገድ አያልቅም፤ ዊልቸር አዝዤልሃለሁ፤ የሚሉህን እሺ በላቸው፣ ደግሞ እንዳትከራከራቸው» ብላ አስማለችኝ። ማልኩላት። ከተወለድኩ ጀምሮ ሳልከራከር የዋልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ትርፉንም አየሁት። ይሁን እንጂ ወንበራችሁን ሳላመሰግን ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። መቀመጫው ይመቻል፤ የግራው ክንድ ማሳረፊያ ይነቃነቃልና ብሎኑን አጥብቁት። ፍሬኑ እንከን የለውም። ፍሬኑን በሚገባ መርምሬዋለሁ፤ ጊዜ ነበረኝ።

ሁለተኛ፣ በፍተሻው ቦታ መንገደኛ ከሕግና ከሱሪው አንዱን እንዲመርጥ ሊጠየቅ ይችላል። ቀበቶ ይውለቅ ተባለ፤ አወለቅሁ። ቀጥሎ ፈታሹ «አባት፣ ቆም ይበሉና ሁለቱንም እጅዎን ወደ ላይ» አለኝ። እኔ ደግሞ የከሳሁ ሰው ነኝ፤ ሱሪዬ ወገቤ ላይ የሚውለው በቀበቶው ቸርነት ነው። ጥቂት አመነታሁና አንድ እጄን ለሕግ አነሣሁ፣ በአንድ እጄ ሱሪዬን ያዝኩ። ፈታሹ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ይለፉ አባት፣ ይለፉ፤ ገመናዎን ይዘው ይለፉ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለእትዬ ስነግራት እንዴት እንደምትስቅ እያሰብኩ ነበር። እሷ ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ አፏን በመዳፏ ትከድንና ትከሻዋ ብቻ ይስቃል። በሽተኛ የሚጠየቀው ወሬ ተይዞ ነው ብዬ ከቤቴ ጀምሮ ያየሁትን ሁሉ ስለቅም ነበር የመጣሁት።

ሦስተኛ፣ መንገደኛ ምሰሶ እንደሚሰጠው ይጠብቅ። ወንበሬን ትገፋ የነበረችው ሠራተኛ መልካም ሴት ነች። በየመስኮቱ እሷው ታሳይልኝ ዘንድ ፓስፖርቴንና የመሳፈሪያ ወረቀቴን ተቀብላኝ ነበር። ከዚያ ከአንድ ወፍራም ምሰሶ ሥር ከሌሎች ወንበሮች ጋር አሰለፈችኝና ፍሬኑን ረገጠችው። «አባቴ፣ እዚሁ ይጠብቁኝ፤ እንዳይነሡብኝ፤ እኔው መጥቼ አስገባዎታለሁ» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ ምያለሁና። ፊቴ ወደ ምሰሶው ነበር። ምሰሶው ላይ የእጅ ሰዓት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ አንድ መልከ መልካም ሰውዬ ክንዱን ዘርግቶ ሰዓቱን ያሳየኛል፣ ጥርሱንም ያሳየኛል። ሥዕል ነውና ሰዓቱ አይቆጥርም። የሚቆጥረው ሰዓትና የበረራው ሰሌዳ ሁለቱም ከኋላዬ ነበሩ። ሽማግሌዎችን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ምሰሶ አዙሮ ማሰለፍ የማን ብልሃት እንደሆነ አላውቅም፤ ለመንገደኛው መተላለፊያ እንዳንዘጋ ይሆናል።

አጠገቤ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን ያቀፉ አንዲት አዛውንት ነበሩ። ወዴት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ እህቴ ታማብኝ ነው አልኳቸው። «አይዞዎት፣ እህት ሳታይ አትሄድም» አሉኝ። የእኔዋ እንኳን ሳታየኝ፣ ሳትቆጣኝም አትሄድ አልኳቸውና ሁለታችንም ሳቅን። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሌላ ሠራተኛ መጥታ እሳቸውን ገፍታ ወሰደች። እሳቸውም ሲሄዱ አንገታቸውን አዙረው «ኧረ እርስዎንስ፣ አልዘገዩብዎትም?» አሉኝ። እኔም በመገናኛ ሬዲዮ የሚያወራ አንድ ሠራተኛ ሲያልፍ ጠየቅሁት። «አባት፣ የእርስዎ ሰው ትመጣለች፤ ዝም ብለው ከተነሡ ግን በኋላ ኃላፊነት አንወስድም» ብሎኝ አለፈ። ቢሆንም ልነሣ ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን ወረቀቶቼ ከዚያች ሠራተኛ ጋር ናቸው ብዬ አምኜ ነበር፤ ያለ ወረቀት በር ላይ የቆመን ሽማግሌ ማን ያስገባዋል? ለካ ሠራተኛዋ እንዳይጠፉ ብላ ከራሴ ወንበር ጀርባ ካለው ኪስ ከትታቸው ኖሯል። መሄጃዬን ተደግፌው ነው የተቀመጥኩት።

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ እንደሆነ በኋላ ተነገረኝ። የእኔዋ ሠራተኛ የሥራ ሰዓቷ አልቆ ስትወጣ ለተተኪዋ «ምሰሶው ጋ ያሉትን አዛውንት አደራ» ብላታለች። ተተኪዋም መጣች፤ ምሰሶው ጋ አዛውንት አገኘች፤ እኚያን እናት ወስዳ ከበራቸው አደረሰችና አደራዋን ተወጣች። እውነትም አንድ አዛውንት ተባለች፣ አንድ አዛውንት አደረሰች። ማንን እከሳለሁ? ከሩቅ ሲያዩን ሁላችንም አንድ ነን።

አራተኛ፣ ጸጥታ። «ለመንገደኞች ምቾት ሲባል የበረራ ጥሪ በድምፅ ማጉያ አይነገርም» የምትል ዓረፍተ ነገር በመመሪያችሁ ላይ አለች። እጅግ ተመችቶኝ ነበር። አውሮፕላኔ በሩን ሲዘጋ አንድም ድምፅ አልረበሸኝም።

አምስተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ምስጋና ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ወደ አንድ መስኮት ሲያቀርቡኝ፣ እዚያ ያለው ጸሐፊ ሊያጽናናኝ ፈልጎ «አባት፣ እሱም እኮ በእርስዎ ምክንያት ሳይነሣ ቆይቷል» አለኝ። እንዴት ብዬ ብጠይቀው አስረዳኝ። በሩ ላይ ሲቆጠር አንድ ሰው ጎደለ፤ ሰውዬው የሌለበት ሻንጣ ደግሞ አይበርም፤ ስለዚህ የአውሮፕላኑ ሆድ ተከፈተ፤ ሠራተኞች ገብተው ያን ሁሉ ሻንጣ እያገላበጡ የእኔን፣ በገመድ የታሰረውን አሮጌ ሻንጣ፣ ከታች ፈልገው አወጡት። ለእትዬ ከወይራ የሠራሁላት ማበጠሪያ በውስጡ ነበር፤ ጥርሱ አንድም አልተሰበረም። ክቡር ሆይ፣ ስለዚህ ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንድ መንገደኛ ሲጠፋባችሁ ሥራ አቁማችሁ፣ አውሮፕላን አስቁማችሁ፣ ላባችሁን አፍስሳችሁ ሻንጣውን ትፈልጋላችሁ። እኔ ያን ጊዜ የት ነበርኩ? ከዚያው በር ወዲህ፣ ቀና ብሎ ላየ ሰው በሚታይ ቦታ፣ ሰዓት ከሚያሳየኝ ሰውዬ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጬ ነበር። በሻንጣዬ እጀታ ላይ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ታስሮለታል፤ በእኔ እጅ ላይ ግን ያሰረልኝ የለም። ልዩነታችን ይኸው ነው።

ስድስተኛ ብዬ መቁጠሩን እዚህ ላይ ልተወው። የሚቀጥለው በረራ በማግስቱ ነበር። ለምሳ የምትሆን ወረቀት ሰጣችሁኝ፤ ምሳው ጥሩ ነው ይባላል። በማግስቱ በእግሬ ገባሁ፤ በእግሬ ከበሩ ደረስኩ፤ የከለከለኝም የደገፈኝም አልነበረም።

ስደርስ የተቀበለኝ የእህቴ ልጅ ባል ነው። እሱ ሲበዛ ወሬኛ ሰው ነው፤ በስልክ እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን ለማለት ፋታ የማይሰጥ፣ የእኔ ቢጤ ቀልደኛ ነው። ያን ዕለት ሻንጣዬን ከእጄ ተቀበለኝና አንድ ቀልድ ሳይወረውር ወደ መኪናው መራኝ። እኔም አልጠየቅሁትም። መኪናው ውስጥ ገብተን ቀበቶዬን እንደ ልጁ እሱው አሰረልኝ፤ በዚያ አወቅሁት።

የእትዬ ልጅ ከቀብሩ በኋላ ነው የነገረችኝ። መድረስ በነበረብኝ ቀን እትዬ ቀና አድርጉኝ ብላ፣ ፀጉሯን አሠርታ፣ በር በሩን ስታይ ዋለች። «መጣ?» ትላለች። «መንገድ ላይ ነው» ይሏታል። ደግሞ ትንሽ ትደክምና «መጣ?» ትላለች። አውሮፕላኑ ዘግይቶበት ነው ይሏታል። በመጨረሻ ልጇ ማልቀስ ሲቃጣት አይታ፣ እሷው አጽናኚ ሆነችና «ምነው ትጨነቂያለሽ፣ ይመጣል፤ እሱ እንደሁ አንድ ቦታ መቀመጥ አያውቅም» አለቻት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አረፈች።

ክቡር ሆይ፣ ይህች ሴት በሕይወቷ ሙሉ ስለ እኔ ተናግራ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ውሸቴን ከአፌ ሳይወጣ ታውቀው ነበር። በእኔ ነገር የተሳሳተችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ያሳሳታችኋት እናንተ ናችሁ።

ካሳ አልጠይቅም፤ ቢከፈለኝም ለማን ልወስድላት? ልመናዬ ትንሽ ናት። ወንበሮቹን ወደ ሰው አዙሯቸው። ሽማግሌ የሰው ፊት እያየ ቢጠብቅ፣ ቢያንስ አንዱ መንገደኛ እንደ እኚያ እናት «አልዘገዩብዎትም?» ይለዋል። መንገደኛ ሲጎድልባችሁም ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ከመውረዳችሁ በፊት አንዳችሁ አንገቱን ብቅ አድርጎ ወደ ምሰሶው ይመልከት። ደግሞ አደራችሁን፣ ያችን ስትገፋኝ የነበረች ሠራተኛ እንዳትቀጧት። በማግስቱ ከበሩ ላይ ፈልጋ አገኘችኝና «አባቴ፣ አደራዎን በልቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብላ እጄን ይዛ አለቀሰች። ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ እኔን ሊፈልግ የመጣ ሰው እሷ ብቻ ነች። እሷን የነካችሁ እንደሆነ ግን፣ እስከዛሬ የጻፍኩት በቀልድ ነበር፣ ያኔ በቁም ነገር እጽፋለሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ክብርና ጸጥታ፣ ለወንበሮቻችሁ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም በገዛ እግርዎ የሚሄዱበት ብዙ ዘመን እየተመኘሁ፣ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ትእዛዝ አክባሪው መንገደኛችሁ፣
አናጺው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በንጹሕ ስገለብጥ በልጅ ልጄ ስልክ በኩል «የዊልቸር አገልግሎታችን እንዴት ነበር? አስተያየትዎን እየጠበቅን ነው» የሚል መልእክት ላካችሁልኝ። በማግስቱም ያው መልእክት መጣ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ውድ መንገደኛችን፣ እርስዎን አልረሳንም» ብላችሁ ደገማችሁት። ለካ ስትፈልጉ አንድን ሰው ሳትረሱ መከታተል ታውቁበት ኖሯል።