ጠሪው የኔን በር ሲያልፍ

መጋቢት 2 ቀን 1966

ዛሬም አራጌ ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሰኝ። የቅሬ ጠሪ ነው፤ ሰው ሲሞት እድርተኛውን ለቀብር ያወጣል። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" እያለ በየደጁ ስም እየጠራ መጣ። አከራዬን እትዬ ወርቂቱን ጠራ፣ ጎረቤቶቹን ጠራ... የኔን በር ዝም ብሎ አለፈ። ከቀብር ሲመለሱ እትዬ ወርቂቱን ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አንቺማ እንግዳ ነሽ። አስተማሪ መጥቶ ሂያጅ ነው። ቅሬ የሚጠራው አብሮ የሚቀብረውን ነው።"

ከደሴ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ። አሁንም እንግዳ። እሺ...

ከሰዓት የእርዳታ ኮሚቴው አስጠራኝ። እህል የጫኑት መኪኖች እዚህ መካነ ሰላም ድረስ ይመጣሉ። ወደ ወግዲ መውረጃው ግን አህያ ፈጅ የሚሉት ቁልቁለት አለ፤ መኪና አያስወርድም። አህዮቹም በድርቁ አልቀዋል፣ ማን ይሸከም? ስለዚህ ቁልቁለቱ ተቆርጦ መንገድ ሊወጣለት ነው። ለሚሠራ ሰው እህል ይሰፈርለታል። ክረምት ሳይገባ ካላለቀ ግን መኪኖቹ ወደ ሌላ አውራጃ ይዞራሉ። የሥራው ሹም አቶ ቸኮል ናቸው።

"አንቺ ለሕዝቡ አስታውቂ" አሉኝ። ምን ብዬ? "መንገድ ይሠራል በያ።" በቃ? "በቃ።" ለምን እኔ? ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ። ማን ሊያነበው ነው...

እትዬ ወርቂቱ ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ታናሽ እህታቸው ሸጋዬ ከነልጆቿ ከቁልቁለቱ ሥር ናት። ከጥምቀት ወዲህ ወሬዋን አልሰሙም።

መጋቢት 7

ጉድ ሠራን። ሐሳቡ የአቶ ቸኮል፣ ጭብጨባው የኔ።

ገበያው ሲደምቅ ጠብቀን ነጋሪት አስጎሰምን። ሕዝብ ለመሰብሰብ ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብለን። ከነጋሪቱ ጎን ፖሊሶች፤ ከፖሊሶቹ ጎን አቶ ቸኮል፣ የመለኪያ ገመዳቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው። ወረቀቴን ከፍቼ "የተከበራችሁ..." ብዬ ቀና ስል ገበያው የለም። አንዲት ሴት የምትሸጣትን ዶሮ ጥላ ሮጠች። ንግግሬን ዶሮዋ ብቻ ሰማችው።

ማታ እትዬ ወርቂቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ነጋሪትና ገመድ አንድ ላይ? ወላሂ፣ እኔም ብሆን እሮጥ ነበር። ነጋሪቱ ዘመቻ፣ ገመዱ ቃላድ። መሬቱ ተለክቶ ግብር ሲጣልበት ያላየ ሰው መሰለሽ?"

ቃላድን ለልጆቹ የማስተምረው እኮ እኔው ነኝ...

መጋቢት 9

አቶ ቸኮል በቁልቁለቱ ላይ የተከሏቸው ቀያይ ችካሎች ተነቅለው አደሩ። አንዱን ብቻ አገኘነው፤ ጥጃ ታስራበታለች። ቢተው የሚባለው ባለጥጃ "ወድቆ አገኘሁት" አለ። ሳቄን ለመያዝ ተራራ ተራራውን አየሁ። አቶ ቸኮል ግን አልሳቁም።

"ይህ ሕዝብ መንገድ አይፈልግም። ለደሴ እጽፋለሁ።"

ደነገጥኩ። ከጻፉ አበቃ። የእትዬ ወርቂቱን ዓይን እንዴት ብዬ አያለሁ? ሁለት ሳምንት ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ምን ልሠራበት? እኔ ምን አውቄ።

መጋቢት 16

ምንም። ሬዲዮው የአዲስ አበባን ሰልፍ ያወራል። እዚያ ሁሉም ይናገራል። እዚህ እኔ የሚሰማኝ አጣሁ።

መጋቢት 19

አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ገበያው ዳር ሞተው ተገኙ። ረሃቡ ነው... ክርስቲያን መሆናቸው በማተባቸው ታወቀ እንጂ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። አራጌ በየደጁ ጮኸ። ሳይጠራኝ ወጣሁ።

ፀሐይ ሳትሞቅ ከተማው ከነገጠሩ ተሰበሰበ። ጉድጓዱን ሙስሊሞቹ ቆፈሩ፣ ክርስቲያኖቹ አስከሬኑን ተሸከሙ። ስማቸው ለማይታወቅ ሰው። ባለጥጃው ቢተው አለ። ዶሮዋን የጣለችው ሴት አለች። አለቀስኩ፤ ለሽማግሌውም፣ ለሁላችንም።

ስመለስ ነው ብልጭ ያለልኝ። ከነጋሪቱ የሸሸ ሰው ሁሉ ለአራጌ ድምፅ ወጥቷል። እኔ ታዲያ ነጋሪት ምን ያደርግልኛል?

መጋቢት 21

የቅሬው ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ሄድኩ። ጨርቅ ይቆርጣሉ።

"አፊያ ነሽ አስተማሪዋ? ነጋሪትሽን የት ጣልሽው?"

አፈርኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና "ቅሬ ለሞተ ነው ልጄ" አሉ።

"መንገዱ ካልተሠራ የሚሞተው ይበዛል ጋሼ። ያኔም ቆፋሪው ቅሬ ነው።" ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

መቀሱን አስቀመጡት። "እንግዲያስ ስሚኝ። ፖሊስ አይምጣብን። ሹሙ ራሳቸው ይምጡ፣ ያለ ገመድ። እህሉ እኛ ፊት ይሰፈር። ደግሞ እኛም የምንለው አለን። ያልነውን ወስደሽ መልሱን ታመጪልናለሽ። ወስዶ የሚቀር መልእክተኛ ጠግበናል።"

እሺ አልኩ። ለአቶ ቸኮል ማን ይነግራቸዋል? እኔው።

መጋቢት 22

አቶ ቸኮል መጡ። ቅሬው በሚሰበሰብበት ወይራ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ገመዱ ስለሌለ እጃቸውን የት እንደሚያኖሩት ጠፍቷቸዋል። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ቢተው ተነሳ።

"ጌታዬ፣ መሬታችን ሊለካ ነው?"

"የኔ ሥራ መንገድ ነው። ግብር አያገባኝም።"

"ይማሉ?"

ማሉ። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። መንገዱ የቢተውን ማሳ ለሁለት እንደሚከፍለው ያወቅነውም ያኔ ነው። ለካ ችካሉን የነቀለው ወዶ አይደለም... አቶ ቸኮል እዚያው ወርደው አዩና መስመሩን ወደ ድንጋያማው አዞሩት። ቢተው ችካሉን መለሰ። ጥጃዋን በምን እንዳሰራት አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ 2

ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ሥራው ግን አልቆመም። የአቶ ቸኮል ፕሮግራም ሚካኤልን አያውቅ፣ ማርያምን አያውቅ፣ ጁምዓን አያውቅ። ከቅሬው ጋር ቁጭ ብለን አስተካከልነው። ክርስቲያኑ ሲሰግድ እስላሙ ይቆፍራል፤ ጁምዓ ሲሆን ደግሞ ክርስቲያኑ። ማታ ማታ የሰማሁትን ለሹሙ፣ የሹሙን መልስ ጠዋት ለሠራተኛው። እግሬ አለቀ እንጂ ወድጄዋለሁ።

ዕረፍት ያጡት አቶ ቸኮል ብቻ ናቸው። "እኔስ በየትኛው ሃይማኖት ልረፍ?" አሉኝ። ሲቀልዱ ገና መስማቴ ነው።

ግንቦት 6

መጥፎ ቀን። የሚሰፈረው እህል አልደረሰም። ወሬው ቀድሞኛል፤ "መንገድ ላይ ሸጡት" ይባላል። ኮሚቴው "እስኪጣራ ዝም በይ" አለኝ። ዝም? ዝም ካልኩማ ወሬው እውነት ሆነ ማለት ነው።

ወረድኩ። "እህሉ አልመጣም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጠይቄ ነገ ጠዋት እዚሁ እነግራችኋለሁ" አልኩ። ግማሹ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ለእትዬ ወርቂቱ ምንም አልነገርኳቸው። 

ግንቦት 7

መኪናው መንገድ ላይ ተሰብሮ ነው። ከነገ ወዲያ ይደርሳል። ጠዋት ወርጄ ነገርኩ። የሄዱት መጥተው እየጠበቁኝ ነበር። ቢተው፣ "ትናንት አላውቅም ስትይ ነው ያመንኩሽ። አውቃለሁ ባይ ነው የጨረሰን" አለ። ዶማው ተመለሰ። እፎይ...

ግንቦት 23

ወረደ። መኪናው ወረደ። አህያ ፈጅን ወረደ።

እትዬ ወርቂቱ ጆንያ ላይ ተቀምጠው "ያረቢ፣ ማርያም፣ ያረቢ" እያሉ። የቀረ የለም፤ ሁሉንም ጠሩ። ሥሩ ስንደርስ ከሚጠብቀው ሕዝብ መሐል አንዲት ከሲታ ሴት ልጅ አዝላ፣ ልጅ ይዛ ቆማለች። ሸጋዬ። እትዬ ወርቂቱ መኪናው ሳይቆም ሊወርዱ ሲሉ ሦስት ሆነን ያዝናቸው። ተቃቅፈው መላቀቅ አቃታቸው። አቶ ቸኮል ፊታቸውን አዙረው ገመዳቸውን ይጠቀልላሉ። "አቧራ ነው" አሉኝ ሳልጠይቃቸው።

ሰኔ 19

ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ጎህ ሲቀድ የአራጌ ድምፅ። ማን ሞተ ብዬ ተነሳሁ... እትዬ ወርቂቱን ጠራ። ጎረቤቶቹን ጠራ። ሊያልፈኝ ነው ብዬ ብርድ ልብሴን ስስብ፣

"ብርሀንነሽ! አስተማሪዋ! አህያ ፈጅን ጎርፍ ሸርሽሮታል። ዶማ ያለህ በዶማህ፣ የሌለህ በእጅህ!"

ማን አዘዘ? ኮሚቴው ተኝቷል። አቶ ቸኮል ደሴ ናቸው። እኔም ያስታወቅሁት ነገር የለም። መንገዳቸው ተሸረሸረ፣ ወጡ።

ጫማዬን ስፈልግ ዘገየሁ። ስደርስ ጋሽ እንድሪስ ጃንጥላቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። "የቅሬ ሰው ተጠርቶ ይዘገያል? ቅጣትሽ ለሠራተኛው ከምንጭ ውሃ ማመላለስ ነው።" ቢተው ከጉድጓዱ ቀና ብሎ ሳቀብኝ።

ቀኑን ሙሉ ተሸከምኩ። ወገቤ የለም፣ እጄም ብዕር አልይዝ ብሏል። እትዬ ወርቂቱ ጀርባዬን ቅቤ እያሹልኝ፣ "ምን ያስቅሻል፣ ተቀጥተሽ?" አሉ።

እንግዳ አይቀጣማ።