የራሔል ቀኝ እግር

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1997፣ አትላንታ

የማስቲሹ ክዳን ዛሬም ሲያታግለኝ ዋለ። ጫማ ላይ የሚሰንፈው ማስቲሽ ክዳኑን ግን አልለቅም ይላል። ያበሳጨኝ ግን ክዳኑ አይደለም።

እህቴ ልጇን ራሔልን ይዛ ሱቅ መጣች፤ ለእሑዱ ባሌት የሠራሁላትን ጫማ ልታስለካት። ቀኝ እግሯን ስይዘው አብጧል። ራሔል ትከሻዬን ቆነጠጠችኝ። ዝም በል ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን ቀልድ ከመጣልኝ መቼ ዝም እላለሁ?

«ይሄኛው እግርሽ ለብቻው ሠርግ ተጠርቶ ነበር እንዴ? ወፍሯል» አልኩ።

እህቴ ጎንበስ ብላ ነካችው። ልጅቷ አቃሰተች።

«በቃ፣ እሑድ ጭፈራ የለም» አለች እናቷ።

ራሔል አላለቀሰችም። «አጎቴ፣ አንተን እኮ አምኜህ ነው» ብላ ጫማውን ትታው ወጣች።

እናቷ ልክ ናት፤ በታመመ እግር አይጨፈርም። የሚያሳፍረኝ ለልጅቷ አስቤ አለመናገሬ ነው። ለሳቅ ብዬ ነው የተናገርኩት። ነገ ዓርብ ማታ፣ እንደ እኛ እንደ አይሁዶቹ ልማድ፣ የሰንበት መግቢያ እራት እነሱ ቤት ነው። ሻማው ሲበራ ፊቷን እንዴት አያለሁ?

በሩ ተንኳኳ። ሱቁን ከዘጋሁ ቆይቻለሁ። በመስታወቱ አጮልቄ አየሁ። ራሔል ናት፤ ብቻዋን መጥታ በግራ እግሯ ቆማለች፤ ዓይኗ ትታው በሄደችው ጫማ ላይ ነው።